ወደ ሕፃናት ዋርድ ከመግባት በፊት፦ የነርስ ተማሪዎች ዝግጅት ጥያቄ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ባለ 2 ሚሊ ሊትር የጄንታማይሲን አምፑል 80 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። 3.2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን፣ ከተወለደ ሳምንት ላልሞላው ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት የሚደርሰው 16 ሚሊ ግራም ነው፤ በሲሪንጅ ሲለካ 0.4 ሚሊ ሊትር። አምፑሉ እንዳለ ቢሰጠው የታዘዘለትን አምስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በአዋቂዎች ዋርድ አምፑል ሰብሮ ሙሉውን መሳብ የለመደ ተማሪ ወደ ሕፃናት ክፍል ሲዛወር እጁ የለመደውን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ያላስጠየቀው ልማድ እዚህ ሕይወት ያሳጣል።

የነርስ ተማሪዎች ወደ ሕፃናት ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ከመላካቸው በፊት እንዴት ይዘጋጁ የሚለው ክርክር ረጅም ታሪክ አለው። በውስጡ ብዙ ጊዜ ሳይለዩ የሚቀሩ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ሕፃናትን ለማስታመም ከመሠረቱ የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል ወይስ ጠቅላላ ነርስነት ላይ ጥቂት መጨመር ይበቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ዝግጅቱ የት ይሰጥ የሚል ነው፤ በክፍልና በስኪል ላብ (በአሻንጉሊት በሚለማመዱበት ክፍል) ወይስ በዋርዱ ውስጥ? ሦስተኛውና በጣም የተዘነጋው፣ ተማሪው መዘጋጀቱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ለአንደኛው ጥያቄ የቀረበ ማስረጃ ለሌላው መልስ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል፤ ስለዚህ እየነጣጠሉ ማየት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከግሬት ኦርመንድ ስትሪት እስከ ልዕልት ፀሐይ

በ1852 ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሲከፈት የነበሩት አልጋዎች 10 ብቻ ነበሩ። መሥራቹ ሐኪም ቻርልስ ዌስት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ የታመሙ ሕፃናትን ስለ ማስታመም ለሆስፒታሉ ነርሶች የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጠቅላላው የነርስነት ትምህርት መልክ ሳይይዝ፣ ሕፃናትን የሚያስታምም ሰው ምን ማወቅ አለበት የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ተነሥቶ ነበር።

በዚያው ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ የነበረችው ካትሪን ዉድ በ1888 ክርክሩን ወደፊት ገፋችው። የታመመ ሕፃን የተለየ እንክብካቤ ስለሚፈልግ አስታማሚውም የተለየ ሥልጠና ያሻዋል አለች። ሐሳቧ በ1919 በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ገባ፤ የነርሶች ምዝገባ አዋጅ ሲወጣ የሕፃናት ነርሶች መዝገብ ከጠቅላላው መዝገብ ጎን ራሱን ችሎ ተቀመጠ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን የነርስነት ትምህርቷን የጀመረችው በ1936 በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ነበር፤ በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆና ተመዘገበች። ይህም ዉድ በተከራከረችበት ሆስፒታል ሠልጥና፣ ከክርክሩ በተወለደው መዝገብ ላይ ሰፈረች ማለት ነው። በ1942 በወሊድ ምክንያት በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። በስሟ የቆመው የመታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የአገሪቱ የነርስ ትምህርት ግን የእሷን መንገድ አልተከተለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በቀይ መስቀል ከተጀመረው ትምህርት ቤት ወዲህ ሥልጠናው በዋናነት ጠቅላላ ነርስ ማፍራት ነበር፤ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የኅብረተሰብ ነርሶችን ሲያሠለጥን የሕፃናት ጤና ከብዙ ትምህርቶች አንዱ ነበር። ሐኪምና ነርስ በጣት በሚቆጠሩበት አገር ይህ ምርጫ ተገቢ ነበር።

ልዩ ሥልጠና ወይስ ጠቅላላ?

ዛሬም ዓለም በዚህ ላይ አልተስማማም። እንግሊዝ ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሕፃናት ነርስነት መመዝገቧን አላቆመችም። አሜሪካ ሁሉንም ጠቅላላ አድርጋ አስመርቃ ልዩ ሙያውን ለኋላ ትተዋለች። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ጠቅላላ ነርስ ቢያንስ 4,600 ሰዓት እንዲማር፣ ግማሹም በተግባር እንዲሆን ያዛል፤ የሕፃናት ሕክምና በተግባሩ ውስጥ ካሉት ዘርፎች አንዱ ብቻ ነው። በኢትዮጵያም የሕፃናት ጤና ነርሲንግ በሁለተኛ ዲግሪ ቢሰጥም፣ በዋርድ የሚታየው ተማሪ አብዛኛው በጠቅላላው መርሐ ግብር ውስጥ ያለና ለጥቂት ሳምንታት የመጣ ነው።

የልዩ ሥልጠና ደጋፊዎች ዋና ነጥብ ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም የሚል ነው። መደበኛ የሚባለው ነገር ራሱ ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40። አንድ ቁጥር ለአንዱ ሕፃን ጤና፣ ለሌላው የሳንባ ምች ምልክት ነው። የጠቅላላው ሥልጠና ደጋፊዎች በበኩላቸው የገጠር ጤና ጣቢያን ያነሣሉ፤ እዚያ ያለ ነርስ ጠዋት ወላድ፣ ከሰዓት የደም ግፊት ታማሚ፣ ማታ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ይመጣበታል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። አገሮችን አነጻጽሮ የተሻለውን መለየትም አስቸጋሪ ነው፤ የሥልጠናው ዓይነት ከሠራተኛ ብዛትና ከደመወዝ፣ ከመሣሪያና ከመድኃኒት አቅርቦት ተነጥሎ አይገኝምና። እኔ የምደርስበት ይህ ነው፦ ጠቅላላ ሥልጠና የመረጠ አገር ከልምምዱ በፊት ያለውን ዝግጅት ቸል ማለት ፈጽሞ አይችልም። ልዩ ሠልጣኙ ሦስት ዓመት አለው፤ ጠቅላላው ተማሪ ያለው ከመግባቱ በፊት ያለች አጭር ጊዜ ናት።

እናት ከዋርድ ስትወጣና ስትመለስ

የዝግጅቱን ይዘት በእጅጉ የለወጠው ሌላ ታሪክ አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ የሕፃናት ሆስፒታሎች ወላጅ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለአጭር ሰዓት ብቻ ልጁን ይጎበኝ ነበር። ምክንያቱ የተላላፊ በሽታ ፍርሃትና ሕፃኑ እናቱን ባየ ቁጥር ያለቅሳል የሚል ነበር። ሬኔ ስፒትዝ በ1945፣ ጆን ቦውልቢ ደግሞ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጥናት ከእናት መለየት በሕፃን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አሳዩ። በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የሁለት ዓመት ሕፃን በሆስፒታል ስትቆይ የሚያሳይ ፊልም ሠራ፤ ጸጥ ያለ ልጅ ተስፋ የቆረጠ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ነበርና ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ተቆጡበት። በ1959 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት የፕላት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ ሲመክር፣ ነርሶች ስለ ሕፃን ስሜት እንዲማሩም ጠየቀ።

በዚህ ላይ የተመሠረተው የምዕራቡ ዝግጅት ትምህርት ተማሪው ለእናት በር እንዲከፍት የሚያስተምር ነው። በኢትዮጵያ ግን በሩ ተዘግቶ አያውቅም። በሕፃናት ዋርድ እናት ወይም አያት ከአልጋው አጠገብ ናት፤ ታጠባለች፣ ታጥባለች፣ ውኃ ታመጣለች፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝታ ትመጣለች፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ «ሲስተር!» ብላ ትጣራለች። ስለዚህ የእኛ ተማሪ መማር ያለበት እናቲቱን ማስገባትን ሳይሆን አብሯት መሥራትን ነው። ምን እንዳየች መጠየቅ፣ ምን መጠበቅ እንዳለባት በሚገባት ቋንቋ መንገር፣ የነገሯትን ደግማ እንድትናገር ማድረግ አለበት። ከተማሪው እናት የምትበልጥ ሴት «አንቺ» እየተባለች በጩኸት ስትታዘዝ ያየ ተማሪ ያንኑ ይለምዳል። በትርጉም የመጡ የዝግጅት ሞጁሎች ይህን ክፍል ከአገሩ ጋር ሳያስማሙ ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

እናት የሕክምናው አካል ስትሆን ውጤቱ ምን ያህል እንደሚሆን በአዲስ አበባ የታየ ማስረጃ አለ። በ1978 በቦጎታ ኤድጋር ሬይ የጀመረውን የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ክብደቱ ያነሰ ጨቅላን ከእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቆየትን፣ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ሞክረው በ2005 አሳትመዋል። ወዲያው በካንጋሮ ከተያዙት ጨቅላዎች የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ነበሩ። ይህን ሕክምና የሚያስፈጽመው እናቲቱን አስቀምጦ የሚያሳይ፣ ሌሊትም ተመልሶ የሚያይ ነርስ ነው።

ስኪል ላብ የቱን ያህል ያዘጋጃል?

በአሻንጉሊት መለማመድ አዲስ አይደለም። «ሚስስ ቼዝ» የተባለችው የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት በአሜሪካ ወደ ሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት የገባችው በ1911 ነው። አዲሱ ክርክር አሻንጉሊቱ ከታማሚ ጋር የሚውለውን ሰዓት ይተካል ወይ የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚጠቀሰው ማስረጃ በ2014 የወጣው የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ጥናት ነው። በ10 ትምህርት ቤቶች ያሉ ተማሪዎች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፣ ከተግባር ሰዓታቸው ከ10 በመቶ ያልበለጠው፣ 25 በመቶው ወይም 50 በመቶው በሲሙሌሽን ተተካ፤ 666 ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ቆዩ። በዕውቀትም በብቃትም ሆነ በፈቃድ ፈተናው የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። እንግሊዝም ከሚፈለገው 2,300 የተግባር ሰዓት እስከ 600 የሚደርሰው በሲሙሌሽን እንዲሆን ፈቅዳለች።

ነገር ግን የአሜሪካው ጥናት ቅድመ ሁኔታ ነበረው። መምህራኑ በሲሙሌሽን የሠለጠኑ፣ መሣሪያው የተሟላ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ሥርዓት ያለው ውይይት የሚካሄድበት ነበር። ይህ ሳይኖር ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ልምምድ መቀነስ ጥናቱን አለመረዳት ነው። ተማሪዎቹ በዋናነት የተመዘኑትም በጠቅላላ ነርስነት ነው።

ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረው ማስረጃ የመጣው ከታንዛኒያ ነው። በ2010 የተጀመረው ጨቅላዎች እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና ውኃ በሚሞላ ርካሽ አሻንጉሊት ይሰጣል። በስምንት ሆስፒታሎች ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ ጨቅላዎች በ47 በመቶ ቀነሱ ተብሎ በ2013 ተዘገበ። በዚያው ዓመት ከሃይዶም ሆስፒታል የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንድ ቀን ሥልጠና በአሻንጉሊቱ ላይ የሚታየውን ችሎታ ቢያሻሽልም በእውነተኞቹ ጨቅላዎች አያያዝ ላይ ለውጥ አላመጣም አለ። ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቱን ወደ ማዋለጃው አስገብቶ አጭር ልምምድ በተደጋጋሚ አደረገ፤ በ2015 በወጣው ውጤት የ24 ሰዓት ሞት ከሺህ 11.1 ወደ 7.2 ወረደ።

ሠልጣኞቹ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው እንጂ ተማሪዎች አይደሉም፤ ንጽጽሩም የበፊትና የኋላ ነው። ቢሆንም በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ አሻንጉሊት ሁለት የተለያየ ውጤት መታየቱ ትልቅ ነገር ይናገራል። የተለወጠው የሥልጠናው ቦታና ድግግሞሽ ነው። ልምምድ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው የሚሰጥ ሁሉን አቀፍ «ኦሪየንቴሽን» የሚደርስበት የት ድረስ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት የትኛው?

ጊዜው አጭር ከሆነ ቅድሚያ ለምን ይሰጥ? ብዙዎች የመድኃኒት ስሌት ይላሉ። በቦስተን ሁለት ሆስፒታሎች የተኙ ሕፃናትን አይቶ በ2001 የታተመ ጥናት ከ10,778 የመድኃኒት ትእዛዞች በ616ቱ ስሕተት አገኘ። የስሕተቱ መጠን ከአዋቂዎች ብዙም አይለይም፤ ጉዳት ሊያደርስ ይችል የነበረው ስሕተት ግን በሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዝርዝር ደግሞ እንዲህ ካለው አደገኛ ስሕተት 79 በመቶው የተፈጠረው ሐኪሙ ሲያዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ተማሪውን ስሌት ብቻ ማስተማር አይበቃም። የታዘዘው ቁጥር ከሕፃኑ ክብደት ጋር እንደማይሄድ ሲያይ ቆም ብሎ «ዶክተር፣ ይህን ደግመው ቢያዩልኝ» ማለትን መለማመድ አለበት። በእኛ የዋርድ ሥርዓት ተማሪ ለሐኪም እንዲህ ማለቱ ቀላል አይደለም። ለዚህም ነው ቃሉ ሳይቀር በስኪል ላብ በአፍ መለማመድ ያለበት።

ሌሎች ደግሞ አጣዳፊ ምልክቶችን መለየት ይቀድማል ይላሉ። ማስረጃቸው ጠንካራ ነው። በማላዊ ብላንታየር የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ (ታማሚዎችን በአጣዳፊነታቸው መለየት) ሲያደራጅና ሠራተኞቹን ሲያሠለጥን ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው ተኝተው የሚታከሙ ሕፃናት ሞት ወደ 6 እስከ 8 በመቶ መውረዱ በ2006 ተዘግቧል። የአየር መንገድ መዘጋት፣ የመተንፈስ ችግር፣ የደም ዝውውር መዳከም፣ ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ የፈሳሽ ማነስ፤ እነዚህን በአንድ እይታ መለየት ማንም ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሊማረው የሚችል ነው። መርፌ ለመውጋት ባይፈቀድለትም «ይህ ልጅ ወረፋ አይጠብቅም» ብሎ ሮጦ መጥራት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት የተሳተፉበት የ2011 ጥናት፣ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ላለባቸው ሕፃናት ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ሞትን እንደሚጨምር አሳየ፤ ፈሳሹ ከተሰጣቸው ከ10 በመቶ በላይ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። ለዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሲሰጥ የኖረው ምክር እንዲህ ተናጋ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያውን አሻሻለ። ምልክት መለየት ዘላቂ ትምህርት ነው፤ ከምልክቱ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና ግን ይለወጣል። ተማሪው ሁለቱን በአንድ እርግጠኝነት ከተማራቸው ዝግጅቱ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ዋርዱስ ተዘጋጅቷል?

ማርሊን ክሬመር በ1974 አዲስ ነርሶች በትምህርት ቤት የተማሩትና በሆስፒታል የሚያዩት ሲጋጭ የሚደርስባቸውን ድንጋጤ ጻፈች። ፓትሪሺያ ቤነር ደግሞ በ1984 ጀማሪ የተጻፈ ደንብ ተከትሎ እንደሚሠራ፣ ሁኔታን አይቶ መፍረድ ከልምድ እንደሚመጣ አስረዳች። ሁለቱም ችግሩን በተማሪውና በሥራ ቦታው መካከል ያዩታል። የዝግጅት ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ሸክም በተማሪው ላይ ይጥላሉ።

በሰባት ታዳጊ አገሮች ባሉ 21 ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2001 የታተመ ጥናት ከታዩት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በፀረ ተሕዋስያን፣ በፈሳሽ፣ በምግብ ወይም በኦክስጅን አሰጣጥ ተገቢውን ሕክምና እንዳላገኙ አሳይቷል። ተማሪ እንዲህ ባለ ዋርድ ሲገባ በክፍል የተማረውን ትቶ የሚያየውን ይወስዳል። በአንድ አልጋ ዙሪያ ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ ጤና መኮንንና የሕክምና ተማሪ በሚጋፉበት ሆስፒታል ደግሞ ሎግቡኩ በፊርማ ሲሞላ እጁ ያልነካው ሥራ ይበዛል። ተማሪን የማስተማር ኃላፊነት የሚሰጠው የዋርድ ነርስ ሌላ ሥራው አይቀነስለትም፤ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ይህ ሳይስተካከል ተማሪው አልተዘጋጀም ብሎ መውቀስ ፍትሕ የለውም።

የልምምዱ ቦታ ምርጫም ከሞቱ ካርታ ጋር መሄድ አለበት። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2000 ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የወረዱት። በ2016 ከሚሞቱት ከአሥሩ ከአራት የሚበልጡት ጨቅላዎች ነበሩ። በተቅማጥና በሳንባ ምች ላይ ያተኮረው የቆየው ዝግጅት ትክክል ቢሆንም የጨቅላ ክፍሉ ድርሻ ሊያድግ ይገባል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው የልኬት ነው። አብዛኞቹ የዝግጅት ጥናቶች ተማሪውን ከሥልጠናው በፊትና በኋላ «ምን ያህል በራስህ ትተማመናለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መተማመን ደግ ነው፤ ብቃት ግን አይደለም፤ 0.4 እና 4 ሚሊ ሊትርን ሳይጠራጠር የሚያምታታ ተማሪ ከሁሉ የከፋው ነው። በታማሚው ሕፃን ላይ የታየ ውጤት እስኪለካ ድረስ አንዱ የዝግጅት ዘዴ ከሌላው ይበልጣል ማለት ያስቸግራል። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ዕውቀትን እንጂ የእጅ ሥራን ስለማይለካ ተቋማት ለፈተናው ብቻ እንዲያዘጋጁ ይገፋፋል የሚል ስጋት ይነሣል፤ ፈተናው ባይኖር ደግሞ ደካማው ተቋም ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል የሚሉ አሉ።

ሁለተኛው የስሜት ጉዳይ ነው። ኢዛቤል ሜንዚስ በ1960 ባሳተመችው የለንደን ጥናት፣ ሆስፒታሉ ነርሶችን ከጭንቀት ለመከላከል ሥራውን በትንንሹ ቆራርጦ፣ ታማሚውን በአልጋ ቁጥር እያስጠራ ከሰው እንደሚያርቃቸው፣ ይህም ጭንቀቱን እንዳላቃለለው አሳየች፤ ከተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር። ሕፃን ሲሞት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ ምን ይደረግለት? አስቀድሞ መንገር ያዘጋጃል የሚሉ አሉ፤ ከሞቱ በኋላ በዚያው ቀን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ማግኘቱ ይበልጣል የሚሉም አሉ። በእኛ ሆስፒታሎች እናቲቱ ስትጮኽ ሌሎቹ እናቶች ይሰበሰባሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፤ ተማሪው ግን ቻርቱን ይዞ ወደሚቀጥለው አልጋ ይታዘዛል።

ሦስተኛው የሕፃኑ መብት ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1991 ተቀብላለች፤ ስምምነቱ የሕፃኑን ጥቅም ያስቀድማል። ካኑላ ለመትከል አንድ ተማሪ በአንድ ሕፃን ላይ ስንት ጊዜ ይሞክር? አንዳንድ ተቋማት ከሁለት ሙከራ በኋላ ለሠለጠነ ነርስ ማስተላለፍን ደንብ ያደርጋሉ፤ ደንቡ በሌለበት ውሳኔው በተማሪው ድፍረትና በእናቲቱ ዝምታ ላይ ይወድቃል። እናቲቱ ተማሪ መሆኑን የማወቅና እምቢ የማለት መብት እንዳላት ማን ይነግራታል፣ መቼስ ይነግራታል የሚለው በአብዛኞቹ የልምምድ መመሪያዎች ውስጥ ገና አልተጻፈም።